ጎጎ ታንዲ እናታቸውን ያዩ ቀን

ሥራ በገባሁበት የመጀመሪያ ቀን አለቃዬ ኖምሳ ስሜን እንኳ በቅጡ ሳትይዝ አንድ የፊልም ቆርቆሮ ከፍታ አፍንጫዬ ሥር ደቀነችው።

«ምን ይሸትሻል?»

«ኮምጣጤ።»

«እንዲህ ከሸተተ መበስበስ ጀምሯል ማለት ነው። ጓንት አጥልቂ፤ ጠርዙን ብቻ ያዢ፤ አትቸኩዪ።»

ጆሃንስበርግ ውስጥ የድሮ ፊልም ስጠግን የኖርኩት በዚህ ትእዛዝ ነው። የመጨረሻው ግን አስቸግሮኛል፤ ከተፈጥሮዬ ችኩል ነኝ።

ከዓመታት በኋላ ታደለ ደወለልኝ። የሆሳዕና ልጅ ነው፤ ኦሬንጅ ፋርም በሚባል ሰፈር ስፓዛ የሚሉት ትንሽ የመንደር ሱቅ አለው፤ የምንተዋወቀው ከቤተ ክርስቲያን ነው።

«እህት አልማዝ፣ ፍሪጄ እንዳይወላገድ ከእግሩ ሥር ያስገባሁት ቆርቆሮ የፊልም ነው መሰለኝ። ከጎጎ መጋዘን ነበር ያነሳሁት። ዛሬ ክዳኑ ላይ የተጻፈውን ሲያዩ ጮኹብኝ!»

ጎጎ ታንዲ ግቢያቸውን ለሱቁ ያከራዩት አሮጊት ናቸው፤ «ጎጎ» በዙሉ አያት ማለት ነው። እናታቸው የሞቱት እሳቸው ጡት ሳይጥሉ ነው፤ አንድ ፎቶ እንኳ አልቀረላቸውም። ቀደም ብሎ ግን በሚሲዮን ትምህርት ቤት የታየ ተውኔት ድምፅ አልባ ፊልም ሆኖ ሲቀረጽ፣ ዋናዋን ሴት ሆነው የተወኑት እናታቸው ነበሩ። ፊልሙ ጠፋ ተባለ። አብረው የተወኑት አክስታቸው፣ ጎጎ አሁን የሚኖሩበት ቤት የቀድሞ ባለቤት፣ ቃለ ተውኔቱን ለጎጎ በልጅነታቸው በቃል አስጠንተዋቸው አለፉ።

ታደለ ቆርቆሮውን አቅፎ፣ ጎጎን ይዞ በታክሲ መጣ። ሽታው የደረሰኝ ገና ከበር ነው። አብዛኛው ተጣብቆ ድንጋይ ሆኗል፤ መጨረሻው አካባቢ ትንሽ ተላቀቀልኝ።

«ቅጂ ሳይወሰድለት አይዞርም፤ ሊበጠስ ይችላል» አለች ኖምሳ። «ወረፋው ደግሞ ረጅም ነው።»

«ልጄ፣ እኔ ወረፋ የምጠብቅበት ዕድሜ የለኝም» አሏት ጎጎ።

ኖምሳ በእጅ የሚዞረውን መመልከቻ ራሷ አምጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችልኝ።

መዘውሩን ያዝኩና እንደ ልማዴ ቸኮልኩ። ነጭ ሻሽ ያሰረች ወጣት ሴት ከቤት ወጥታ ግቢውን እየተርበተበተች አቋረጠች።

«እናቴን አታስሩጫት» አሉኝ ጎጎ።

አፈርኩ። እጄን አቆምኩና «ቃሉን ይበሉልኝ፤ እኔ እከተልዎታለሁ» አልኳቸው። ጎጎ በዙሉ ጀመሩ፣ ረጋ ብለው። እኔም በድምፃቸው ልክ አዞርኩ። የሴትዮዋ ከንፈርና የጎጎ ድምፅ መጀመሪያ ተላለፉ፤ ከዚያ ገጠሙ። እናትየዋ አፏን ስትከፍት ልጇ ተናገሩላት። እናትየዋ የጎጎ የልጅ ልጅ ትመስላለች።

ታደለ ዙሉን የለመደው ከደንበኞቹ ነው። «‹ልጄን ሳላይ አልሄድም› ነው የምትለው» አለኝ በሹክሹክታ። እንባዬ መጣ፤ እጄን ግን አላቆምኩም።

ፊልሙ እዚያው ላይ አለቀ። የመጨረሻዋን ምስል የመመልከቻው መስታወት ላይ ያዝኩላቸው። ጎጎ መነጽራቸውን ጠርገው ተጠጉና ፊቷን ለረጅም ጊዜ አዩት።

«ሳውቦና፣ ማማ» ብለው ሰላም አሏት።

ድምፅ አልባ ፊልም ሲደርሳችሁ ፍጥነቱን ማሽኑን አትጠይቁ። ቃሉን የሚያውቅ ሰው ካለ አጠገባችሁ አስቀምጡትና በእሱ ልክ አዙሩ።