የቁጢው ፌስታል

ሻንጣ ማሰናዳት ልብስ አጥፎ ዚፕ መዝጋት ብቻ ይመስለኝ ነበር። ኧረ በአላህ! ጭሮ ውስጥ የመንገደኛ ሻንጣ የመንገደኛው አይደለም፤ የሰፈሩ ነው። ቱርክ ሄጄ ሁለተኛ ዲግሪዬን እንድማር እስኮላርሺፕ ማግኘቴ ከተሰማ ወዲህ ቤታችን የሚመጣ ሰው ሁሉ አንድ ነገር አንጠልጥሎ ይገባል፤ ሲወጣ ግን ባዶ እጁን ነው። ዕቃው የት ቀረ? እኔ ሻንጣ ውስጥ።

አክስቴ ከሂርና በሚኒባስ መጥታ ሪያድ ለሚሠራው ልጇ የቆዳ ጫማ አመጣች።

«አክስቴ፣ እኔ የምሄደው እኮ ቱርክ ነው» አልኳት።

«ያው ዐረብ አገር አይደል?»

«አይደለም!»

«እሺ፣ ያው ውጭ አይደል? ስትደርሺ ደውይለት፣ መጥቶ ይወስዳል።»

ጫማው ገባ። ለብርዱ ብዬ የገዛሁት ካፖርት ወጣ።

አባቴ ደግሞ ዕድሜውን ሙሉ ጫት ሲያስር የኖረ ነጋዴ ነው፤ ዚፕ የሚባል ነገር አያምንም። «ይሄ መንገድ ላይ ይፈነዳል» አለና ሻንጣዬን በገመድ ጥፍር አድርጎ አሰረው። ጫት ለመኪና ሲያስር ልክ እንደዚያው ነው የሚያስረው። እንግዲህ አንድ ካልሲ ልጨምር ባልኩ ቁጥር ገመድ ስፈታ ልውል ነው፤ የሱ ቋጠሮ ደግሞ በጥርስም አይፈታ።

ይሄን ሁሉ ቻልኩት። ያንገበገበኝ የእናቴ ቁጢ ነው።

ቁጢ የደረቀ የቡና ቅጠል ነው። ይፈላና ወተት ጠብ ተደርጎበት ይጠጣል፤ እኛ ቤት ከጉንፋን እስከ ሐዘን ድረስ መድኃኒቱ እሱ ነው። እናቴ በደሳ ካለችው እህቷ ጓሮ አስመጥታ፣ በትንሽ ፌስታል ቋጥራ፣ ልብሴ መሃል ሸጉጣው አገኘሁ።

ጮህኩ። «እማ፣ ምን ነካሽ? ሰው ከጭሮ መጥቶ፣ ሻንጣው እንደ ጫት ታስሮ፣ ውስጡ የደረቀ ቅጠል ሲገኝ ምን ይላሉ? ጫት እዚያ አገር ክልክል ነው!»

«ቁጢ እኮ ነው።»

«እኛ እናውቃለን፣ እነሱ በምን ያውቃሉ? ቅጠል ካዩ ይመልሱኛል። በቀኑ ካልደረስኩ ደግሞ ቦታዬን ለሌላ ሰው ይሰጡታል። ትምህርቱ ቀረ ማለት ነው!»

እጇን ከሻንጣው ላይ አነሳች። «ይመልሱሻል?» አለችኝ።

«ወላሂ ይመልሱኛል!»

ፌስታሉን አንስታ ወጣች። ገባት ብዬ ደስ አለኝ።

ምን ይገባታል! በማግስቱ ገመዱን አስፈትቼ ሳይ ቁጢው ተመልሶ ገብቷል፤ ያውም ፌስታሉ አድጎ። አወጣሁት። ደግሞ ሌላ ቀን የአክስቴ ልጅ ጫማ ውስጥ ጠቅጥቃው አገኘሁ። እኔ አወጣለሁ፣ እሷ ታስገባለች። «ለሆድሽ ነው» ትለኛለች፣ ፊቴን ሳታይ። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ! ጎረቤቱ ተሰብስቦ ዱአ ሲያደርግልኝ፣ አባቴ ደስታው ፊቱ ላይ ሲያበራ፣ እሷ ብርጭቆ ትለቅማለች። ስለ መሄዴ ሂጂም ቅሪም ብላ አታውቅም። እኔም ጊዜ አልነበረኝም፤ ሥራዬ ቅጠል መፈለግ ሆኖ ነበር።

የምሄድ ቀን ሻንጣውን ከላይ እስከ ታች በረበርኩ። ቁጢውን እናቴ እጅ ላይ አስቀመጥኩላትና አባቴ ሻንጣውን ፊቴ አሰረው። ከዚያ ጎረቤት ልሰናበት ወጣሁ።

አባቴ አዲስ አበባ ድረስ ሸኘኝ። አሰቦት ላይ በሙቀቱ ስንቀቀል እንኳ ደስ ብሎኛል፤ ከቅጠል ተገላገልኩ ብዬ። አየር ማረፊያው በር ላይ ተሰነባበትንና ብቻዬን ወደ ፍተሻው ገባሁ።

ፈታሹ ገመዱን አየ፣ እኔን አየ። «ፍቺው» አለኝ። ታግዬ ታግዬ ፈታሁት። ሸሚዞቼን ገለጥ ሲያደርግ ትራስ የሚያህል የቁጢ ፌስታል ብቅ አለ። የባሰ አታምጣ!

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የቡና ቅጠል ነው።»

«ከየት ነሽ?»

«ከጭሮ።»

«አሃ!» አለ። ያ «አሃ» እስከ ዛሬ ይከነክነኛል። አለቃውን ጠራ። አሸተቱት፣ በጣታቸው አሹት፣ ተመካከሩ። ሰዉ ሁሉ ሲያልፍ እኔ ጥግ ላይ ቆሜ ላቤ ይንቆረቆራል። በመጨረሻ አለቃው «ይሄን ትተሽ እለፊ» አለኝ።

በጥርስ የማይፈታውን ቋጠሮ እናቴ በምን ፈታችው? የጫት ነጋዴ ሚስት መሆኗን ረስቼው! ደሜ ፈልቶ እዚያው ደወልኩላት።

«እማ፣ ምን አድርጌሽ ነው? ሰው ፊት አዋረድሽኝ እኮ! ቅጠል ካገኙ ይመልሱኛል አላልኩሽም?»

«ብለሽኛል» አለች።

«ታዲያ!»

በስልኩ ውስጥ የሰፈራችን ባጃጅ ጡሩምባ ሲያሰማ እሰማለሁ።

«አልመለሱሽም?» አለችኝ፤ ድምጿ ቀጠነብኝ።

«አልመለሱኝም። ቁጢውን ብቻ ነው ያስቀሩት።»

«እኔ ደግሞ» አለች፣ «አልጋሽን አንጥፌ ነበር የምጠብቅሽ።»

ፈታሾቹ ጋ የቀረውን ፌስታል ዞሬ አየሁት።

«በይ ሂጂ» አለች እናቴ። «ረቢ ይጠብቅሽ።»