በሚካኤል ዕለት ያሠራኋቸው ሠራተኞች

ፍኖተ ሰላም ሥራ የጀመርኩ ዕለት ዋና ሒሳብ ሹማችን አንድ ካልኩሌተርና አንድ ቀይ እስክሪብቶ ሰጡኝና «ሁለቱንም እየተጠራጠርህ ተጠቀምባቸው» አሉኝ። ዲፕሎማዬ ገና ትኩስ ስለነበር ካልኩሌተር የሚጠራጠር ሰው ሲገጥመኝ ገረመኝ። መሥሪያ ቤታችን ቡሬ አጠገብ ምርጥ ዘር የሚያባዛ እርሻ ነበረው። እኔም የደመወዝና ግብር ጀማሪ ሒሳብ ሠራተኛ ሆንኩ።

ሥራው ለሌላው አሰልቺ ነው፤ እኔ ግን ወድጄው ነበር። የቋሚዎቹን ደመወዝ እሠራለሁ፣ የሥራ ግብሩን ቀንሼ ለገቢዎች አሳውቃለሁ። ለቀን ሠራተኞቹ ደግሞ ገንዘብ ያዣችን እትየ ጥሩወርቅ ቡሬ ድረስ ሄደው ይከፍላሉ። ተቀባዩ ይፈርማል፤ መፈረም የማይችል አሻራውን ያኖራል።

በስድስተኛ ዓመቴ፣ ለዘመን መለወጫ ቢሮው ሲጸዳ፣ ሦስት ካርቶን የደመወዝ ሰነድ ከአሮጌ ጋዜጣ ጋር ተመዝኖ ለአንድ ባለሱቅ ተሸጠ። እኔ ነኝ የሸጥኩት ያለ ሰው እስከ ዛሬ አልተገኘም። ሰምተን ሱቁ ስንደርስ ባለሱቁ ሁለት ቅጠል ብቻ አሳየን። «ሌላው በርበሬ ይዞ ሄዷል፣ ጌቶቼ» አለ።

ብዙም ሳይቆይ ኦዲተር መጣች። ወይዘሪት ስንታየሁ ትባላለች፤ ድምጿን ከፍ አድርጋ አታውቅም። «ከባንክ ለወጣው ገንዘብ የመክፈያ ሰነድ ካላቀረባችሁ በገንዘብ ያዧ ላይ ጉድለት እጽፋለሁ» አለች። እትየ ጥሩወርቅ ጡረታ ሊወጡ አራት ወር ቀርቷቸዋል፤ ጉድለት ካለባቸው ከዕዳ ነጻ የሚያደርጋቸውን ክሊራንስ አያገኙም። አንድ ሳንቲም አጉድለው የማያውቁ ሴት ያን ቀን ምሳ ሳይበሉ ዋሉ።

የቋሚዎቹ ቀላል ነበር። ገቢዎች ማኅተም ያረፈበት ቅጂ ስላለው ኮፒ አስደርጌ መጣሁ። የቀን ሠራተኞቹ የስም ዝርዝርም እርሻው ላይ ተርፏል፤ የጠፋው የሠሩበት ቀን ነው። ታዲያ ብልጥ ነኝ ብዬ እሑድን ብቻ አውጥቼ ለሁሉም እንደ ወሩ ሃያ አምስት ወይም ሃያ ስድስት ቀን ሞላሁላቸው። ሲያዩት ያምራል።

ወይዘሪት ስንታየሁ ደምራ ቀና አለች። «በዚህ ዓይነት ከባንክ ካወጣችሁት በላይ ከፍላችኋል። ትርፉን ማን ሰጣችሁ?»

ላድናቸው የተነሣሁትን ሴትዮ ሌላ ጣጣ ጨመርኩባቸው። በማግስቱ ወረቀቴን ይዤ ቡሬ ሄድኩ።

የቀን ሠራተኞቹ አለቃ ጋሸ አያሌው ዝርዝሩን ተቀብለው ጣታቸውን አሥራ ሁለተኛው ቀን ላይ አሳረፉ።

«በሚካኤል አረም አርመናል?»

«የሥራ ቀን መስሎኝ ነው፣ ጋሸ።»

«በገብርኤልስ? በማርያምስ? ኧረ በመድኃኔዓለምም አሠርተኸናል። አገርህ ወዴት ነው፣ ልጄ?»

«እዚሁ ጎጃም፣ ፈረስ ቤት።»

«እኔስ ባሕር ተሻግረህ የመጣህ መስሎኝ ነበር።»

አፈርኩ። እናቴ በሚካኤል ዕለት መኮትኮቻ አስነክታኝ አታውቅም። ቢሮ ከገባሁ ወዲህ ግን የማውቀው የሥራ ቀን የቢሮው ብቻ ሆኖ ነበር።

ጋሸ አያሌው የማይታረምባቸውን ቀናት አንድ በአንድ አስቆጠሩኝ። አውጥቼ ስደምር ከአንድ ወር በቀር ሁሉም ከባንኩ ጋር ገጠመ። በዚያ ወር የአንድ ቀን ክፍያ ይተርፋል።

«የአጥቢያችን ንግሥ ነዋ» አሉ። «ማን ሊሠራ?»

ወይዘሪት ስንታየሁ አሁንም አልቸኮለችም። «ይህ ስሌት ነው። የተቀበሉት ሰዎች ቀኑንም ገንዘቡንም ያረጋግጡ» አለች፤ እውነቷን ነው። እያንዳንዱን ገጽ «ምትክ» ብዬ ጻፍኩበት። ሠራተኞቹም ለቅዳሜ ገበያ ሲመጡ ቀበሌው በረንዳ ላይ ተሰለፉ። ለእያንዳንዱ እናነብለታለን፣ እሱም ያስባል፣ ከዚያ ይፈርማል።

አንዲት ሴት አውራ ጣቷን ቀለም እያስነካች «ዳግመኛ ልትከፍሉን ነው?» አለች።

«ዳግመኛ ልናስፈርማችሁ ነው» አሉ እትየ ጥሩወርቅ። ሰልፉ በሙሉ ሳቀ፤ ጥሎ የሄደ ግን አልነበረም።

ወይዘሪት ስንታየሁ ሰነዱን ሦስት ቀን መረመረችና ከእትየ ስም ትይዩ «ጉድለት የለም» ብላ ጻፈች። እትየ ጥሩወርቅ ሁለቴ አንብበው መነጽራቸውን አወለቁ። «በሚካኤል አሠርተህ ልታሳስረኝ ነበር እኮ» አሉኝና ግንባሬን ሳሙኝ። ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ክሊራንሳቸውን ከቢሮ ቢሮ እየሮጥኩ ያስፈረምኩት እኔ ነኝ።

ለአዲስ ባልደረቦች የምነግራቸው ይህን ነው፦ ምትክ ሰነድ ስታዘጋጁ የማታውቁትን ቀን ባዶ ተዉት፤ ከዚያ ሥራውን የሠሩት ሰዎች ዘንድ ሄዳችሁ ጠይቁ።