ሦስት ሰዓት ያለ መታጠቂያ

ሳትቮልዲ የወረዳ ምክር ቤት ሊቀ መንበር የሆነው በአንዲት ዓረፍተ ነገር ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ከጥጥ ለቃሚ ቡድን መሪነት ተነስቶ የወረዳ ካድሬ እስኪሆን አሥራ ስድስት ዓመት ፈጅቶበታል። ከካድሬነት ሊቀ መንበርነት ላይ የወጣው ግን በአንድ ክረምት ነው። ያቺን ዓረፍተ ነገር የተናገራት መምህር ነዚርጆን በተከሰሰበት ስብሰባ ላይ ነበር።

ነዚርጆን አባቱ ሲሞቱበት እንደ አገሩ ወግ ካባ ደረበ፤ ካባው ላይ የወገብ መታጠቂያ አሰረ፤ ዱላውን ተደግፎም በሩ ላይ ቆመ። ለቀስተኛ በመጣ ቁጥር "ወይ አባቴ!" እያለ አለቀሰ። በፈርጋና ሸለቆ ልጅ አባቱን የሚሸኘው እንዲህ ነው። ያልታጠቀ ሰው አባት የሞተበት ሳይሆን መንገድ አላፊ ነው የሚመስለው። ያኔ ደግሞ "የሃይማኖት ርዝራዥ ይጥፋ" የሚል መመሪያ ከላይ ወርዶ ነበር። የቱ ርዝራዥ፣ የቱ የብርድ ልብስ እንደሆነ ግራ ገብቶት ካድሬው ሁሉ ሲተያይ ሳትቮልዲ ብድግ አለ።

"ጓዶች! ካባ ልብስ ነው፤ መታጠቂያ ግን አቋም ነው!"

አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። ሳትቮልዲም በጭብጨባው ሞቅ ብሎት ወደ መምህሩ ዞረ፤ "ታጥቀሃል ወይስ አልታጠቅክም?"

"ታጥቄያለሁ" አለ ነዚርጆን። "ባልታጠቅማ ማን የአባቴ ልጅ ይለኛል?"

የፓርቲ መታወቂያውን ተቀማ፤ ከማስተማርም ተባረረ። ደፍሮ ሥራ የሰጠው ሌላ ሰው እንዳይመስላችሁ፤ የራሱ የሳትቮልዲ አባት፣ የመስኖ ቦይ ጠባቂው ማማሲዲቅ ናቸው። "ና ልጄ፣ ውሃ ስብሰባ አይገባም" ብለው አካፋ አስያዙት። በዚያው ሰሞን ልጃቸው ሊጠይቃቸው ሲመጣ ደግሞ "አንተ ትልቅ ሰው፣ እኔ ስሞት ለመታጠቂያህ ፈቃድ የሚፈርምልህ ማነው?" አሉት። ሳትቮልዲ ሳቀ። ሽማግሌው አልሳቁም።

ከሦስት ዓመት በኋላ፣ የጥጥ ለቀማው በተፋፋመበት ወር፣ ጠዋት ስልክ ተደወለለትና አባቱ ማረፋቸውን ሰማ። ኮቱን ሳይለብስ ስልኩ ደግሞ ጮኸ። የፓርቲው ዋና ጸሐፊ ነበር።

"ሐዘንህ ሐዘናችን ነው፣ ሳትቮልዲ። ዛሬ ወረዳው በሙሉ አንተን ነው የሚያየው። እንዲያግዝህ ቶሽማቶቭን ልኬዋለሁ።"

ቶሽማቶቭ የሚያግዘው በማስታወሻ ደብተሩ ነው። ሳትቮልዲ ይህን ያውቃል፤ ወደ ነዚርጆን ለቅሶ ያንኑ ሰውዬ የላከው እሱ ራሱ ነበርና። አሁን ቢታጠቅ ወንበሩ ሄደ። ባይታጠቅ አባቱ እንደ መካን ሰው ሊቀበሩ ነው። መንገዱን ሙሉ ይህንኑ ሲያወጣ ሲያወርድ መኪናዋ ደረሰች።

ሦስት ሰዓት ላይ ከመኪናዋ ሲወርድ በሩ ላይ የቆመ ሰው አየ። ነዚርጆን ነበር፤ ካባ ደርቦ፣ ወገቡን ታጥቆ፣ ዱላ ተደግፎ። ዓይኑ አብጧል። ሳትቮልዲ ደሙ ፈላ።

"ምን ቆርጦህ ነው እዚህ የቆምከው? የማን አባት ሞተና? ዞር በል!"

"እሺ፣ ዞር እላለሁ። አንተ ና ቁምበት።"

ሳትቮልዲ አንድ እርምጃ ተራመደ። ከኋላው የቶሽማቶቭ ደብተር ገጽ ሲገለጥ ሰማና ባለበት ቆመ።

"አየህ?" አለ ነዚርጆን ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ሰው ሲመጣ በሩ ባዶ ይጠብቀው?"

ሳትቮልዲ ከበሩ ፊት ለፊት ያለው የእንጆሪ ዛፍ ሥር ሄዶ በሙሉ ልብሱና በከረባቱ ቆመ። የሚያሳፍር አቋቋም ነበር፤ ሚዜ የመሰለ ልጅ በአባቱ ለቅሶ ላይ! ለቀስተኛው እየመጣ ነዚርጆንን አቅፎ ያለቅሳል፤ እሱን በጎን እያየ ያልፈዋል። ዓይናቸው የደከመ አንድ አዛውንትም መጡና ነዚርጆን አንገት ላይ ተጠመጠሙ።

"ሳትቮልዲ ልጄ፣ በርታ። አላህ ጽናቱን ይስጥህ።"

ነዚርጆን አላረማቸውም። "አሜን" አለ።

ቶሽማቶቭ ሳትቮልዲን ጠጋ አለው።

"ብርድ ነው ጓድ ሊቀ መንበር፣ ካባ ይደርቡ እንጂ። ካባ እኮ ልብስ ነው። እርስዎ አይደሉ ያስተማሩን?"

ሳትቮልዲ ሰውዬው እያሾፈ ይሁን እያዘነለት መለየት አልቻለም። የገዛ ቃሉ በሰው አፍ ሲመለስበት ግን ፊቱን ወደ ዛፉ አዞረ።

ስድስት ሰዓት ሲሆን አስከሬኑ ሊወጣ ነው ተባለና ግቢው በዋይታ ተሞላ። ቃሬዛው ብቅ ሲል ሳትቮልዲ ከዛፉ ሥር ወጥቶ፣ መንገዱን በሩጫ አቋርጦ የነዚርጆንን ክንድ ያዘ።

"መታጠቂያህን ስጠኝ።"

"ይሄ የኔ ነው። ያንተ እናትህ ጋ ነው፤ ከጠዋት ጀምሮ ክንዳቸው ላይ አንጠልጥለውልሃል።"

እናቱ ኦይምኒሳ ከበሩ ጀርባ ቆመው ነበር። የአባቱን ካባና አጣጥፈው ክንዳቸው ላይ የያዙትን የመታጠቂያ ጨርቅ አየ። አልወቀሱትም። "እጅህን አንሳ" ብቻ አሉት፣ ትንሽ ልጅ ሳለ ሲያለብሱት እንደሚሉት። አነሳ። ካባውን አልብሰው፣ ወገቡን ዞረው ጥብቅ አድርገው አሰሩለት። ነዚርጆን አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብሎ ቦታውን ለቀቀለት።

"ወይ አባቴ!" አለ ሳትቮልዲ። ድምፁ አላማረም። ሰፈሩ ግን ከእሱ ጋር አብሮ አለቀሰ፤ ቶሽማቶቭም ጻፈ።

በአሥረኛው ቀን የፓርቲው ኮሚቴ ፊት ቀረበ። ዋናው ጸሐፊ ይወደዋል፤ መውጫ ቀዳዳ አዘጋጅቶለት ነበር።

"እናትህ እንዳሰሩልህ ሰምተናል። ያልተማሩ አሮጊት ናቸው፣ አንተም በሐዘን ላይ ነበርክ። እስቲ ራስህ ንገረን፤ ታጥቀሃል ወይስ አስታጥቀውህ ነው? ካስታጠቁህ በማስጠንቀቂያ ታልፋለህ።"

አንዲት ቃል ብቻ ነበር የምትፈለገው፤ ውሸትም አልነበረችም። ሳትቮልዲ የእናቱ እጅ ወገቡ ላይ ሲዞር ታወሰው። የደረት ኪሱን ከፍቶ የፓርቲ መታወቂያውን ጠረጴዛው ላይ አኖረና ጥግ ላይ ወደ ተቀመጠው ቶሽማቶቭ ዞረ።

"ታጥቄያለሁ። ግን ደብተርህ ላይ የጎደለ ነገር አለ፣ ቶሽማቶቭ። ከሦስት እስከ ስድስት ሰዓት አልታጠቅኩም ነበር። ጥፋቴ እሱ ነው፤ እሱን ጻፍልኝ።"