ተራ የሚጠብቁ እንቁላሎች

እትዬ ሙ ጠዋት ቂጣ ጋግራ ለመሸጥ የምታወጣው ብዙ አልነበረም። ለማሾ ዱቄት አርባ ዩዋን፣ ለጋዝ አሥራ አምስት፣ ለዘይትና ለሽንኩርት ቅጠል ሃያ፣ ብርዱ ሲገባ ደግሞ ጉልበቷ ላይ ለምትለጥፋቸው ማሞቂያዎች አራት። ለእንቁላል የምታወጣው የለም ማለት ይቻላል። እኛ የቻይናዋ ቲያንጂን ከተማ ሰዎች የቂጣችንን እንቁላል ከቤት ይዘን ነው የምንሄደው።

ጋሪዋ የሰፈራችን መግቢያ ላይ ነበር የሚቆመው። ከምጣዱ አጠገብ ረጅም ትሪ አለ። እንቁላላችንን ከመጨረሻው ኋላ አስቀምጠን ወደ ጉዳያችን እንሄዳለን፤ ተራችንን እሱ ይጠብቅልናል። እንዳይምታታ ልጄ የእኛዎቹ ላይ ድመት ትስልባቸዋለች።

አምና ነፋሱ ከወንዙ በኩል ሲበረታ የእትዬ ሙ ጉልበት እምቢ አለ። ከጋሪዋ ጀርባ ዲያው የሚባል ከደቡብ የመጣ ወጣት ሱቅ ከፍቶ ነበር፤ ሱቁ ወደ መንገድ የሚከፈት ሰፊ መስኮት አለው።

"እዚህ ገብተው ይሥሩ፣ ሙቀት አለ" አላት። "ኪራዩም አይከብድም። ግን እንቁላሉ ከእኔ ሱቅ ብቻ ይሁን።"

ወሬው ሰፈሩን አዳረሰ። ጡረታ የወጣው የአውቶቡስ ሹፌር ጋሽ ባይ፣ "የማላውቀውን እንቁላል ከምበላ ጎማ ብበላ ይሻለኛል" አለ።

"አንተ ጎማውንም ያለ ድልህ አትበላው" አለችው እትዬ ሙ።

"እንዲያውም ዛሬ ጨመር አድርጊልኝ።"

እሱ ሲሄድ ግን ወደኔ ጠጋ አለች። "መስኮቱን እፈልገዋለሁ። ይህን ብርድ ደግሞ ውጭ ከቆምኩ ጋሪውን መሸጤ ነው። ግን እነዚህን ሰዎች እንቁላላችሁን መልሱ የምለው በየትኛው ፊቴ ነው?"

ዝም ብሎ ከማዘን መሞከር ይሻላል ብዬ ወደ ዲያው ገባሁ። "አንድ ቀን እንደ ደንበኛ ተሰለፍ፤ ከዚያ በኋላ ያልከው ይሁን" አልኩት።

በማግስቱ ወጣ፤ ጋሪው ጋ ሰው የለም። በቀጥታ ወደ ምጣዱ ሄደና፣ "አንድ ይስጡኝ" አለ።

"ዘጠነኛ ነህ።"

"ሰው የለም እኮ!"

"እነዚህስ?" አለች ትሪውን እያሳየችው።

ዲያው እንደ ሰዉ ከቤቴ ላምጣ ብሎ እየሳቀ ከሱቁ በላይ ወዳለው ቤቱ ወጣ፤ ከፍሪጅ አንድ እንቁላል አምጥቶ ከመጨረሻው አስቀመጠ። መጠበቁን ግን አልቻለም። እንቁላላቸው ተራ የያዘላቸው ሰዎች ብርዱን ሽሽት ሱቁ ገብተው ነበር፤ አንዷ ወተት ትላለች፣ ሌላው ባትሪ፣ እኔም ሶፍት። ሲሸጥ ቆይቶ ተራው ሲደርስ እየሮጠ ወጣ።

እትዬ ሙ ሊጡን ዘርግታ እንቁላሉን በምጣዱ ጠርዝ መታችው። የፈሰሰ ነገር የለም። ደግማ መታችው።

"ልጄ፣ ይኼ እኮ የተቀቀለ ነው።"

"ችኩል ስለሆነ ነው" አለ ጋሽ ባይ። "ከቤቱ ጀምሮልሽ መጣ።"

ዲያው ጆሮው ድረስ ቀላ። ሚስቱ ለልጃቸው የቀቀለችው ኖሯል። ጋሽ ባይ ከኪሱ ትርፍ እንቁላል አውጥቶ ለእትዬ ሙ አቀበላት፤ "ስበሪለት። ነገ ይመልስልኛል፤ ጥሬውን።"

ዲያው ቂጣውን ቆሞ ጨረሰ። ጣቱን እየጠረገ አንዴ ትሪውን፣ አንዴ ሰው የሞላውን ሱቁን አየ።

"ትሪው በመስኮቱ ይገባል?" አለ።

"ይገባል።"

"እንግዲያው እንቁላላቸውን ያምጡ። የረሳ ከእኔ ይገዛል።"

አሁን እትዬ ሙ ከመስኮቱ ውስጥ ናት፤ የማሞቂያዎቹ አራት ዩዋን ከወጪዋ ወጥቷል። ለዲያውም እንቁላል የሚረሱ ሰዎች ቁጥር ከጠበቀው በላይ ሆኖለታል።

ስለ እሷ እንደምጽፍ ስነግራት፣ "እንግዲያው ለሚያነቡት ይህን ንገሪልኝ" አለች። ወደኛ ከተማ የምትመጡ ከሆነ እንቁላል ይዛችሁ ኑ፤ የሰውን ገፍታችሁ ፊት አታስቀምጡ። ከቤት ሳትወጡ ደግሞ እባካችሁ ጠረጴዛ ላይ አሹሩት። ቀጥ ብሎ ከዞረ ተቀቅሏልና ለልጆቻችሁ ተዉላቸው።