የአጎቴ መጥረጊያ

አጎቴ በወጣትነታቸው ስኮትላንድ ሲማሩ፣ በረዶ በሆነ ኩሬ ላይ ከባድ ድንጋይ እያንሸራተቱ ከፊቱ በመጥረጊያ የሚጠርጉበትን ከርሊንግ የሚባል ጨዋታ ለመዱ። መጥረጊያቸውን ሜልበርን ድረስ ይዘውት መጡ።

ክረምት በገባ ቁጥር፣ ጠዋት ጠዋት ሰፈራችን ካርልተን ያለውን የፓርክ ኩሬ በረዶ ሠርቶ እንደሆነ በከዘራቸው መታ ያደርጉና «ዛሬም ውሃ ነው» ይላሉ። የሚሉት ግን አብሯቸው ለሚሄደው ስኮትላንዳዊ ጎረቤታቸው ነበር። ቤት ገብተው ሁለቱ የድሮውን እያነሱ ሲያወጉ፣ እኔ ሻይ እያቀረብኩ ቅናት ያንገበግበኛል።

«ጋሼ፣ እስቲ ለእኔም አውሩልኝ» ስላቸው፣ «አንቺን ይበርድሻል» ብለው ይስቃሉ።

አጎቴ ያረፉ ጊዜ ለቅሶ ሊደርስ የመጣው ጎረቤታቸው መጥረጊያውን ለማስታወሻ እንድሰጠው ለመነኝ። «ጠፍቷል» አልኩት።

መጥረጊያው መኝታ ቤቴ ጥግ ቆሟል። አያያዙን የሚያውቀው ግን ያ ጎረቤታቸው ብቻ ነው።