የቤታችን ውሾች አዘላለል

የአባቴ ቤት በረንዳ ሦስት ደረጃ አለው። አባቴ ራሱ ሠራተኞቹ አናት ላይ ቆሞ ያስፈሰሰው ሲሚንቶ ነው፤ መሐለኛው ከሌሎቹ ከፍ ስለሚል እንግዳ ሁሉ ይደናቀፍበታል። ሳሊተ ምሕረት አካባቢ ገና በወጉ ሰፈር ሳይሆን፣ ከአስፋልቱ እስከ በራችን ጭቃውን እያቦካን በምንገባበት ጊዜ፣ ያ ደረጃ ለእኔ መድረክ ነበር። ተዋናይዋ ደግሞ የመጀመሪያዋ ውሻችን ነበረች።

አባቴ ከመሥሪያ ቤት ጓደኛው ያገኛት የጀርመን ዘር ነበረች፤ በብስኩት ካርቶን ይዟት መጣ። ስታድግ እንደ ሌላ ውሻ አልሮጥም አለች። የኋላ እግሮቿን ገጥማ እንደ ጥንቸል ትዘላለች እንጂ አትሮጥም። ደረጃው ሥር ስትደርስ ቆም ትላለች፤ ወደ ላይ ታያለች፤ ከዚያ ሁለቱን እግሮቿን በአንዴ እያነሳች ዘለል፣ ዘለል፣ ዘለል። እኛ እናጨበጭባለን። እሷም ላይ ትደርስና ዞር ብላ ጭብጨባዋን ትጠብቃለች። ለፋሲካ እንግዳ ሲመጣ በቁራሽ ዳቦ እያታለልኩ አወጣታለሁ፣ አወርዳታለሁ፣ ደግሞ አወጣታለሁ። ሁሉም በሳቅ ይፈርሳል። እናቴ ብቻ ከወጥ ቤቱ በር ላይ ሆና፣ «ኧረ ተያት፣ ደክሟታል» ትለኛለች። እናቴ ውሻ አትወድም፤ ሳሎን እግራቸውን እንዲያስገቡ እንኳ አትፈቅድም ነበር። ስለዚህ በውሻ ጉዳይ ማንም አይሰማትም።

ስትወልድ ጎረቤቱ ሁሉ ቡችላ ሊመርጥ ይመጣል። አባቴ ቡችሎቹን ግቢው ውስጥ ይለቃቸውና እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ «እንደ እናቱ የሚዘለውን ውሰዱ፤ ደንበኛው የእኛ ዘር እሱ ነው» ይላል። ለራሳችንም የምናስቀረው ሁልጊዜ የምትዘለዋን ነው። ስድስት ሰባት ዓመት ሲሞላቸው ከተኙበት ለመነሳት ይቸገሩ ነበር። አረጁ እንላለን፤ እንተዋቸዋለን። እንዲህ እያልን ልጇን፣ ከዚያ የልጅ ልጇን ስናሳድግ እኔም አብሬ አደግኩ።

ዛሬ እናቴ የለችም። እኔ ቦሌ ቡልቡላ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው የምኖረው። የአባቴን ቤት በሦስት በኩል ፎቅ ከቦታል፤ የጠዋት ፀሐይ እንኳ ግቢው የሚደርሰው አርፍዶ ነው። ግቢው ውስጥ የቀሩት አባቴና የሦስት ዓመት ውሻው ናቸው፤ እሷም ከዚያች ከካርቶኗ ዘር የቀረች የመጨረሻዋ ናት። ቅዳሜ ቅዳሜ ስሄድ ወሬው አንድ ነው። «አንድ ጊዜ ትውለድልኝ። እናትሽ ስትቆጣቸው የኖረችው ዘር በእኔ እጅ እንዳይጠፋ።»

ወንድ ውሻ ያለው ጉርድ ሾላ የሚኖር አንድ ወጣት ተገኘ። ግን ልጁ የዳሌ ራጅ ካልተነሳች አላገናኝም አለ። አባቴ ተናደደ። «ለጋብቻ የደም ምርመራ አምጡ ሲባል ሰምቻለሁ፤ ዳሌሽን አሳዪ የተባለች ሙሽራ ግን አላየሁም!» አለኝ። ቢሆንም የቡችላው ነገር ስላጓጓው ቦሌ ወዳለ አንድ የእንስሳት ክሊኒክ ይዘናት ሄድን።

ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት። ከምርመራው በፊት እየጻፈች፣ «አባባ፣ ደረጃ ስትወጣ እንዴት ነች?» አለችው።

አባቴ ፊቱ በራ። «ኧረ እሱን ብታይ! ሁለቱን እግሯን ገጥማ ነው የምትዘለው። እናቷም፣ አያቷም እንዲሁ ነበሩ።»

ሐኪሟ መጻፏን አቆመች።

ውሻዋን በመርፌ አስተኝተው በጀርባዋ አጋደሟት፤ የኋላ እግሮቿን ወደ ታች ዘርግተው ራጁን አነሱ። ምስሉ ኮምፒዩተሩ ላይ ሲመጣ ሐኪሟ በእስክሪብቶዋ አሳየችን። «ይሄ ክብ የአጥንት ራስ፣ እንቁላል በሲኒ እንደሚቀመጥ፣ እዚህ ጎድጓዳ ውስጥ ገብቶ መቀመጥ ነበረበት። የእሷ ግማሹ ውጭ ነው። በሁለቱም በኩል።»

«ታዲያ እንዴት ትዘላለች?» አለ አባቴ።

«ለዚያ እኮ ነው የምትዘለው፣ አባባ። አንድ በአንድ ስታነሳቸው ያማታል።»

ፊቴን እሳት በላው። ያ ሁሉ ፋሲካ፣ ያ ሁሉ ቁራሽ ዳቦ ታወሰኝ። ደረጃው ሥር ቆም ብላ ወደ ላይ የምታየው፣ እኔ ትዕይንቷን ልትጀምር እየተዘጋጀች ነው የምለው፣ ለካ ፈርታ ነበር። የልጅነቴ ደስታ ከምላቸው ነገሮች አንዱ ይሄ ነው፤ አሁን ከማን ፊት እንደምደበቅ አላውቅም።

«አንድ ጊዜ ብቻ ብትወልድስ?» አለ አባቴ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ውሳኔው የእርስዎ ነው። ግን ከዘር የሚመጣ ነገር ነው፤ ልጆቿም ሊወርሱት ይችላሉ።»

ስንመለስ ውሻዋ ገና ከእንቅልፏ አልነቃችም፤ ኋላ ወንበር ላይ ራሷን የአባቴ ጉልበት ላይ ጥላለች። ጉርድ ሾላ መንገዱ ተዘጋግቶ ቆምን። አባቴ ስልኩን አውጥቶ ለወጣቱ ደወለለት። «ልጄ፣ ይቅር። የእኛዋ አትሆንም» አለና ዘጋው። ትንሽ ቆይቶ፣ «ለሰፈሩ ሁሉ እየመረጥኩ የሰጠሁት እኔ ነኝ» አለ።

በማግስቱ እሑድ ስሄድ የድሮውን የዕቃ ቤት በር ነቅሎ፣ እንዳያንሸራትታት እንጨት መትቶበት፣ ደረጃው ላይ እንደ መወጣጫ አጋድሞታል። ውሻዋ እኔን ስታይ ጊዜ አላጠፋችም። ሳንቃውን አልፋ በጎኑ በተረፈው ደረጃ ወጣች፤ ዘለል፣ ዘለል፣ ዘለል። ላይ ደርሳ ዞር አለችና አየችን። አባቴ ከልማድ እጆቹን አንስቶ ነበር፤ መልሶ ኪሱ ውስጥ ከተታቸው። እሷ ግን ጆሮዋን አቁማ መጠበቋን ቀጠለች።

አባቴ ወጥቶ በአንገት ማሰሪያዋ ይዞ በቀስታ አወረዳትና ሳንቃው ሥር አቆማት። ዳቦውን ላይኛው ጫፍ ይዤ ጠራኋት። መጀመሪያ እንቢ አለች። ከዚያ አንዱን እግሯን አነሳች፤ ቆየት ብላ ሌላውን። እየተንገዳገደች፣ አንድ በአንድ፣ ምንም በማያምር አረማመድ እስከ ላይ ወጣች።

አባቴ ታች ሆኖ ያጨበጭብ ጀመር። እኔም አጨበጨብኩ። ዓይኑ እንባ እንደሞላ፣ ማጨብጨቡን ሳያቋርጥ፣ «እናትሽ ተያት ስትልሽ እሰማት ነበር እኮ» አለኝ።