ሳሙና በምላሳቸው የሚለኩት ሰው

በሳሙና ፋብሪካችን ትክክለኛ ስማቸውን የሚያውቀው ደመወዝ ከፋዩ ብቻ ነው፤ ለሌሎቻችን ጋሼ ቀማሽ ናቸው። የማብሰያ ክፍሉን ሃያ ስድስት ዓመት የመሩት በምላሳቸው ነው። ከበርሜሉ ቅንጣት ያነሡና ምላሳቸው ጫፍ ላይ ያሳርፏታል። ከቆነጠጠቻቸው ኮስቲክ ሶዳው በዝቷልና ዘይት ይጨመራል፤ ካልቆነጠጠቻቸው «ይፍሰስ» ይላሉ። እንዴት እንደሚለዩት ስንጠይቃቸው መልሳቸው አንድ ነው፤ ሙያ በልብ ነው። እኔ ቶሎ ቱግ የምል ሴት ስለሆንኩ፣ ታዲያ ልብዎን በምን ከፍተን እንየው እላቸው ነበር። ይስቃሉ እንጂ አይነግሩኝም።

ከአራት ዓመት ወዲህ ግን በበጋ ሳሙናው ይሰነጠቅ ጀመር። ጋሼ አየሩ ነው አሉ፤ እኛም አመንን። ያልጠረጠረ ተመነጠረ። ነጋዴዎች ካርቶን ካርቶኑን ሲመልሱ የፋብሪካው ባለቤት መረራቸውና፣ የበሰለ ሳሙና ከውጭ በጆንያ አስመጥተው እዚህ ቅርጽ ብቻ ለማስያዝ አሰቡ። እንዲያ ከሆነ የማብሰያ ክፍሉ ይዘጋል፤ አሥራ አንዳችንም ወደየቤታችን ነን። ሳሙናውን እንድናስተካክል አንድ ወር ሰጡን።

ቁጭ ብዬ ከማለቅስ ብዬ በምሳ ሰዓት በትንንሽ ድስት መሞከር ጀመርኩ። ሶዳውን በሚዛን መዘንኩ፣ ዘይቱን ለካሁ፣ የተበላሸውንም ጭምር በልጄ ደብተር ጻፍኩ። ጓደኞቼ «ሳይንቲስቷ መጣች» እያሉ ቀለዱብኝ። ጋሼ ቀማሽ ግን አንድም ቀን አልቀለዱም፤ እኔን ያሳሰበኝ እሱ ነበር።

ወሩ ሲያልቅ ባለቤቱ መጡ። ስድስት ቁራጭ ደረደርኩላቸው፤ ልዩነቱ እንዲታይ ሆን ብዬ ሶዳ ያበዛሁበት አንድ አለ። እሳቸው ደብተሬን ገፋ አድርገው፣ ጋሼ ይፍረዱ አሉ። ጋሼ አንድ በአንድ ቀመሱ። እኔ ብነካው ምላሴን የሚልጠኝን፣ ያን ሶዳ የበዛበትን፣ ረጋ ብለው አጣጣሙና «ከሁሉም ይቺ ትሻላለች» አሉ።

ብናገር፣ እጄን ይዘው ሥራ ያስገቡኝን ሰው በሰው ፊት ማዋረዴ ነው። ዝም ብል ክፍሉ ይዘጋል። ፊቴን አዩት። ቁራጯን ቀስ ብለው አስቀመጡ።

«ተሳሳትኩ አይደል?» አሉኝ። ከዚያ ወደ ባለቤቱ ዞሩ። «ምላሴ ከከዳኝ አራት ዓመቱ ነው። በግምት ነው ሳበስል የኖርኩት። የሷን ደብተር ይዩ።»

አንጀቴን በሉት። ባለቤቱ ደብተሩን እዚያው ቆመው እስከ መጨረሻው አነበቡት።

ክፍሉ አልተዘጋም። አሮጌው ዕቃ ቤት መሞከሪያ ሆነ፤ በጉድጓድ ውሃም አረፋ የሚያወጣው አዲሱ ሳሙናችን የወጣው ከዚያ ነው። በጋ ሲመጣም የሚመለስ ካርቶን የለም። ጋሼ አሁን ሚዛኑ አጠገብ ይቀመጣሉ፤ ሃያ ሁለት ዓመት በልባቸው የያዙትን ይነግሩኛል፣ እኔ እጽፋለሁ። የፋብሪካውን አዲስ መዝገብ ስንከፍት ግን የመጀመሪያውን ገጽ እኔ ልጽፍ ብለው እስክሪብቶውን ከእጄ ወሰዱ። እንዲህ ይላል፦

«ሙከራ አንድ። ሶዳ፦ በግምት። ጊዜ፦ አራት ዓመት። ውጤት፦ ተሰነጠቀ። ጥፋቱ የአየሩ አይደለም።»